የቦና አስታማሚ ማነው?

አጎቴን ያሳመመው ሰው እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያልተስማሙት ማን እንደሆነ ላይ ነው። ባለሱቋ ሀምዲያ «ዐይን ነው» ትላለች፤ የማን ዐይን እንደሆነ ግን ደንበኛ እንዳይቀየማት አትናገርም። የጸሎት ቡድኑ ሰዎች መንፈስ ነው ብለው መጡና አጎቴ ላይ እጃቸውን ጭነው «ስምህ ማነው? ተናገር!» እያሉ ጮኹ። መንፈሱ «ቦና» አለ። ቦና የአጎቴ የራሱ ስም ስለሆነ ምርመራው እዚያ ላይ ቆመ። አባቴ የሞያሌ መስመር ሹፌር ነበር፤ ቤት ሲመጣ ስለ መንገድ እንጂ ስለ ሰው አያወራም። አንድ ቀን ብቻ ቆጮውን እየጎረሰ «ትምህርት ነው ያሳመመው» ቢል፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ቀረሁ።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ነገሩ ለእኔ ቀላል ነው፤ ያሳመመው ሰው ከተገኘ አጎቴ ይድናል። ስለዚህ ስፈልግ ከረምኩ።

ያገኘሁት ሆስፒታል ውስጥ ነው።

እናቴ ወርቂቱ ቦናን ለቀጠሮው ስትወስደው፣ ትምህርት ከሌለኝ እኔንም ታስከትላለች። የሌላ ሰው በሽታ የሚታከምበት ክፍል ፊት ለፊት ነው፤ የእኛ ከጀርባ፣ አንሶላ የሚታጠብበትን አልፎ፣ ቧንቧው የሚንጠባጠብበት ጋ። ዘበኛው በሩ ላይ «ወዴት ናችሁ?» ይላል። እናቴ «ወደ ኋላ» ትላለች። «እሺ፣ ወደ ኋላ እለፉ።» ለብዙ ጊዜ የክፍሉ ስም «ወደ ኋላ» ይመስለኝ ነበር።

አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። በረኪናና እርጥብ አንሶላ ይሸታል። ቦና መሃላችን ሆኖ ጉልበቱን ያወዛውዛል፤ እናቴ እጇን ጉልበቱ ላይ ስታሳርፍ ይቆማል፤ ስታነሳ ይጀምራል። በሩ ተከፈተና ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ብቅ አለ። ሸዋአለም ይባላል። ነርስ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«የቦና አስታማሚ ማነው?» አለ።

እናቴ እጇን አወጣች። «እኔ ነኝ።»

ቤታችን የሚወራው ጌዴኦኛ ነው። አማርኛዬ የትምህርት ቤትና የመንገድ ነበር። «ታመመ» አውቃለሁ። «አሳመመ» አውቃለሁ። «አስታማሚ» ታዲያ ምን ሊሆን ነው? የሚያሳምም ሰው ነዋ።

የገረመኝ አለማፈሯ ነው። እጇን ያወጣችው ክፍል ውስጥ መልስ እንደሚያውቅ ልጅ ነው። ዶክተሩም አልተቆጣትም፤ «ግቢ» አላት። እነሱ ሲገቡ እኔ ውጭ ቀረሁ። ቀጥሎ «የአማኑ አስታማሚ!» ተባለ። ፔርሙዝ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ተነሡ። «የሳምራ አስታማሚ!» ሲባል አንድ ገና ጢም ያላወጣ ባል ብድግ አለ፤ ሚስቱ የነጠላዋን ጫፍ ታኝካለች፣ እሱ ከአፏ ያወጣላታል፣ መልሳ ትጎርሳለች። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ያሳመሙ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ምሳ ቋጥረዋል። ያሳመሙትን ሰው አፍንጫ እየጠረጉ ተራ ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ክፉ ሰው ያለኝ ግምት እንደ ድሮው አልሆነም።

በሩ በደንብ አይገጥምም ነበር። የዶክተሩ ድምፅ ይሰማል።

«ትሰጪዋለሽ?»

«እሰጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። እሱ አያውቅም።»

«ቢያውቅ ይሻል ነበር፣ ወርቂቱ።»

«ካወቀ አይበላም።»

ዶክተሩ «እሺ እንግዲህ» አለ። ለካ እሱም አለበት።

ቦና የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቡሌ ተወልዶ፣ ከዚያ ብርድ አገር ማትሪክ አልፎ ዩኒቨርሲቲ የገባ የቤታቸው የመጀመሪያ ልጅ። ሁለተኛ ዓመት ላይ መተኛት ተወ፤ ቀጥሎ ክፍል መግባት ተወ፤ ቀጥሎ ካፌው በር ላይ ቆሞ ለተማሪው ሁሉ ሹመት ማደል ጀመረ። ወደ ቡሌ መለሱት። ታላቅ ወንድማቸው ወልዱ፣ እንሰቱ መሃል ባለች ጎጆ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት አሰረው። ወልዱ ክፉ ሰው አይደለም። ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው ጨርቅ ጠምጥሞለት ነበር። እናቴ ሰንሰለቱን አይታ አላለቀሰችም አሉ፤ ያለቀሰችው ጨርቁን ስታይ ነው። ፈትታ ዲላ አመጣችው። ስትፈታው «ሁለተኛ ሰንሰለት አያይህም» አለችው። ቤታችን የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነበር፤ እሷ ትጠብቀዋለች፣ እሱም እሷን ይጠብቃታል።

የመጣ ሰሞን እርምጃው አጠር አጠር ያለ ነበር። ግቢያችንን የሚለካ መስሎኝ «ስንት ሆነ?» እለዋለሁ።

«ገና ነው» ይለኛል።

ሕክምናው ሠርቶለት ነበር፤ ይህን የምለው አሁን ነው። እርምጃው ረዘመ። ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ መስፋት ያዘ። ስሜ ትንቢት ስለሆነ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «ትንቢት ሆይ፣ ዛሬ ምን ታያለሽ?» ይላል። እኔ ድስቱን ከፍቼ አይቼ «ጎመን» እላለሁ። «ተፈጸመ» ብሎ ይቀመጣል። ችግሩ ኪኒኑ ነበር። «ምላሴን ድንጋይ ያደርገዋል፤ ደግሞ ድኛለሁ» አለና አንድ ቀን አልውጥም አለ። እናቴ አልተከራከረችም።

የተከራከረችው በማንኪያ ነው። ማጀት ውስጥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ሁለት ማንኪያ መሃል ነጭ ነገር ትደፈጥጣለች። ዱቄቱን የቦና ጎመን ላይ ነስንሳ ታማስላለች፤ ከዚያ ማንኪያውን ሁለት ጊዜ ታጥበዋለች። በማጀቱ የኮባ ግድግዳ ሽንቁር አየኋት። ሆስፒታል የሰማሁት ሁሉ ልክ ሆነ። አጎቴን የምታሳምመው እናቴ ናት፤ በየቀኑ፣ በጎመን።

ታዲያ እናት ናት። ለማን ይነገራል? አንድ ከሰዓት ቦና ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ፀሐይ ሲያሞቅ አጠገቡ ቁጭ አልኩና በጆሮው «ጎመኑን አትብላ» አልኩት።

«ምነው?»

«እማዬ ነገር ትጨምርበታለች።»

ፊቴን ብዙ አየኝ። «አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን ትበላለህ?»

«ካልበላሁ ታለቅሳለች።» ደግሞ «እንዳትነግሪያት» አለኝ። «የማላውቅ ይመስላታል። በዚያ እንኳ ደስ ይበላት።»

እንዲህ ያለ ፍቅር ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። መርዝ መሆኑን እያወቀ፣ እህቱ እንዳይከፋት ይጎርሳል።

አሁን ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ የፎቶኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። ተማሪ በእጁ የጻፈውን አምጥቶ ይጥልልኛል፣ እኔ በኮምፒውተር እጽፍለታለሁ። ትምህርቴ ይኸው ነው፤ የሌላ ሰው መመረቂያ ጽሑፍ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። «አስታማሚ» ማለት የታመመ ሰው የሚያነሳ፣ የሚያበላ፣ የሚያጥብ ማለት እንደሆነ የገባኝም እየጻፍኩ ነው። ከ«አሳማሚ» የምትለየው በአንዲት «ታ» ናት። በየዓመቱ አንድ ሁለት ተማሪ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎትን በታካሚዎችና በአስታማሚዎች ዓይን ስለማሻሻል ጽፎ ይመጣል። ሁሉም የሚጨርሱት ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብለው ነው። አስጠርዤ እሰጣቸዋለሁ።

መድኃኒቱ ያለቀው ቡና ለቀማው ሳያልቅ ነው። የመድኃኒት መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ራሱን ሳያነሳ «የለም» አለ።

«መቼ ይመጣል?» አለች እናቴ።

«ሲመጣ።»

ከተማው ውስጥ ያለ መድኃኒት ቤት ሁሉ ዞረች። አባቴ ለሹፌር ጓደኞቹ ነግሮ ሐዋሳ እንዲፈልጉለት አደረገ። የለም። «ወደ ኋላ» ተመልሳ ዶክተር ሸዋአለምን ያዘችው፤ እሱም የለም አላት፤ ሌላ ዓይነት ኪኒን ሰጥቶ ቢያይ እንደሚወድ፣ እሱም እንደሌለ ነገራት። ማታ ማጀት ውስጥ የማንኪያ ድምፅ አልነበረም። ጎመን ጎመን ብቻ ሆነ።

ያኔ የተደሰትኩትን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ትታዋለች! ውጤቱም ወዲያው ታየ። ቦና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ግቢውን ይጠርጋል፤ የእኛን ሲጨርስ የጎረቤት። ዝምተኛው ሰውዬ ወሬኛ ሆነ፤ ቀልዱ ያስቃል፤ የሀምዲያን የሞተ ሬዲዮ ፈታትቶ አናገረው። ማካፈል አስተማረኝ፤ መምህራችን ወር የፈጀችበትን በአንድ ከሰዓት፣ በቡና ፍሬ። መዝሙር ይዘምራል፤ ሲዘምር ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ሁሉ የሚያዳምጠው ይመስለኛል። የምላሱ ድንጋይነት ቀረ።

«ማሻአላህ! ዳነ እኮ!» አለች ሀምዲያ በሱቋ መስኮት።

«አዎ» አለች እናቴ። ገብታ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። እጆቿን ጭኖቿ መሃል አድርጋ፣ እንደበረዳት ሰው።

እሱ እየደመቀ ሲሄድ እሷ እየጠቆረች ሄደች። ፍራሿን ወደ በሩ ጎትታ ደፉ ላይ መተኛት ጀመረች። በልቤ፣ ያሳመመችው ሰው ድኖ እንዳያመልጣት ነው የምትጠብቀው አልኩ። ደግሞ አዘንኩላት፤ ለነገሩ እናቴ ናት።

ስብሰባው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ዶክተር ሸዋአለም ቤታችን ድረስ መጥቶ እናቴን ደጅ ጠራት። «ሆቴል ውስጥ ስብሰባ አለ፤ አገልግሎቱን እናሻሽል የሚል። ታካሚና አስታማሚ ጥራ ብለውኛል። የበላይ ሰዎች ይመጣሉ። እዚያ ተነሥተሽ መድኃኒት የለም በያቸው።»

«አንተ አትላቸውም?»

«እኔ ብዬ ብዬ ለምደውኛል።»

ከዚያ ቦና ግቢው መሃል ድንጋይ ሲደረድር አየው። ቆሞ አየው። «መተኛት ይተኛል?» አለ ዝቅ አድርጎ። እናቴ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «ቶሎ መናገር አለብሽ» አላት።

የሆቴሉ አዳራሽ አዲስ ቀለም ይሸታል። ወንበሮቹ ነጭ ልብስ ለብሰዋል፤ እናቴ እንዳይቆሽሽ ብላ ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው። መድረኩ ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «የተጠቃሚዎችና የአስታማሚዎች ድምፅ ይሰማ» ይላል። በየአንገታችን ካርድ አንጠለጠሉልን። የቦና «ተጠቃሚ» ይላል። የእናቴ «አስታማሚ»። ገባኝ፤ የተጠቀሙትና ያሳመሙት እዚህ ይፋረዳሉ።

የሚመራው ይዲድያ የሚባል ወጣት መምህር ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጠረኑ ጥሩ። «ዛሬ እኛ አናወራም! ዛሬ የናንተ ቀን ነው፤ ኦኬ?» አለና እስከ ሻይ ሰዓት አወራ። ከሻይ በኋላ «እስቲ ከተጠቃሚዎች አንድ ሰው!» ሲል ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ቦና ግን ሳይጠራ ተነሥቶ ነበር።

«ስሜ ቦና ይባላል» አለ። ማይኩን አልፈለገውም። «ስገባ ‹ተጠቃሚ› የሚል አንገቴ ላይ አንጠልጥላችሁልኛል። አመሰግናለሁ። ስጠቀም ግን ራሴን አይቼው አላውቅም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«ወባ የያዘው ሰው ይጠየቃል። ብርቱካን ይመጣለታል። እኛንም ትጠይቁናላችሁ፤ ግን መጠይቅ ይዛችሁ ነው። ብርቱካኑስ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ይዲድያ ራሱ «ኧረ ይሄ ሰው!» አለ።

«‹መድኃኒት አታቋርጡ› ትሉናላችሁ። እኛ አላቋረጥንም። መድኃኒቱ ነው እኛን ያቋረጠን።»

እዚህ ላይ ቆመው አጨበጨቡ። ወፍራም የበላይ ሰውዬ ሳይቀር ብስኩቱን አስቀምጦ አጨበጨበ። ቦና አላቆመም። ድምፁ እየፈጠነ፣ ዐይኑ እየፈካ ሄደ። «ስለዚህ እኔ ጨለለቅቱ ላይ ሆስፒታል እሠራለሁ። የአእምሮ ክፍሉ ፊት ለፊት ይሆናል፤ ሐኪሞቹ ወደ ኋላ! የቡና ማጠቢያዎቹን ሁሉ ገዝቻቸዋለሁ። ጠዋት ከጄኔቫ ደውለውልኛል፤ ቆዩ ብያቸዋለሁ፣ መጀመሪያ ዲላ ስብሰባ አለብኝ ብያቸዋለሁ!»

በሳቅ ፈረሱ። የሚቀልድ መሰላቸው። ለእኔም መሰለኝ፤ እስክሳል ሳቅሁ። ዶክተር ሸዋአለምን አየሁት፤ ጣሪያውን ያያል።

«ማገገም ማለት ይሄ ነው!» አለ ይዲድያ፣ የቦናን ትከሻ አቅፎ። «እዩት! ይሄ ሰው ነው አገልግሎታችን ምን መሥራት እንደሚችል የሚያሳየን!» ፎቶ አነሷቸው።

እናቴ የተነሣችው ያኔ ነው። ማይኩ አልደረሳትም። አማርኛዋ ገበያ ውስጥ አይቸግራትም፤ ስትፈራ ግን ወንዱና ሴቱ ይምታታባታል።

«ወንድሜ አልተኛችም» አለች።

ኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ፍርፍር ብለው ሳቁ። ከቦና ሳቅ የተረፈ ሳቅ ነበር፤ እሷ ላይ ወረደ።

እናቴ ጠበቀች። ሲያባራ «መድኃኒት ካለቀ ቆየ» አለች። «ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ይሄ ሕመም ነው። ሲጀምር እንደዚህ ነው፣ እኔ አውቃለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተ አታዩም። ዛሬ መድኃኒት ፈልጉልኝ።»

«በጣም ጠቃሚ አስተያየት ነው፣ እህቴ» አለ ይዲድያ።

«አስተያየት አይደለም። መድኃኒት ነው።»

«ይዘነዋል፤ ይዘነዋል።»

«የታለ?»

ይዲድያ ሰዓቱን አየ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ሰፊው ወረቀት ላይ በቀይ ስክሪብቶ ጻፈች። አነበብኩት፤ «የአስታማሚዎች የግንዛቤ እጥረት» ይላል። ግንዛቤ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ እናቴ የሚጎድላት ነገር ተገኝቶ ተጻፈባት። እሷ ቆማ ቀረች። ቦና ከመድረኩ «ተቀመጪ እህቴ፣ ሁሉንም ይዘነዋል!» አላት፤ እንደገና ሳቁ።

ተናድጄባት ነበር። አጎቴን ሁሉም ሲያጨበጭብለት አልዳነም ማለቷ፤ ያውም ያሳመመችው እሷው ሆና። መውጫው ላይ ቦርሳ፣ ኮፍያና የታሸገ ውኃ ሰጡን። ቦና ኮፍያውን እኔ ራስ ላይ ደፋው። እናቴ ቦርሳውን አልተቀበለችም፤ እኔ ተቀበልኩላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናቴ እንዳለችው እነሱ አላዩም። ቦና አስፋልቱ ላይ ቆሞ አይሱዙ ማስቆም ጀመረ፤ ቡናው የእሱ ነው፣ ያለ ፈቃዱ አይወጣም። አንድ ቀን ወናጎ ተገኘ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ ጫማ ብቻ አድርጎ። የሀምዲያን የሱቅ መስኮት መስታወት በድንጋይ አወረደው፤ ሰይጣን እያየበት ነው ብሎ። ሀምዲያ «ለመስታወት ነው?» ብላ ተወችው፤ ወንድሞቿ ግን አልተዉትም። የመናኸሪያ ልጆችም ደበደቡት። እናቴ ደሙን በለብ ያለ ውኃና በጨው ስታጥብ፣ እሱ በአዲሱ ሆስፒታል የትኛውን ፎቅ እንደሚሰጣት ይነግራታል። «ሦስተኛው ይሻለኛል» ትለዋለች። እኔ ሳህኑን ይዤ ቆሜያለሁ። ያሳመመችው ሰው ለምን ታጥበዋለች? ስሌቱ እምቢ አለኝ። ማካፈል የምችለው በቡና ፍሬ ብቻ ነው።

በየጠዋቱ ወደ መድኃኒት መስኮቱ ትሄዳለች። ሰውዬው ከሩቅ ሲያያት ራሱን ይነቀንቅ ጀመር፤ እንዳትደክም ብሎ።

አንድ ጭነት መኪና ቦናን ጎኑን ገጭቶት ያለፈ ቀን፣ ወልዱ ከቡሌ ወረደ። ጋቢ ለብሶ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ። ቦና ጎኑን ይዞ ውስጥ ይዘፍናል። ወንድምና እህት ደጅ ቆሙ። የተነጋገሩት በጌዴኦኛ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ፤ የገባኝ ግን አንድም የለም።

«መኪና ይገድለዋል» አለ ወልዱ። «መኪና ካልገደለው ሰው ይገድለዋል። እኔ ዘንድ አይሞትም።»

«አይኖርምም» አለች።

«አዎ» አለ ወልዱ። «አይኖርምም።»

«መድኃኒቱ ይመጣ ይሆናል።»

«እስኪመጣ አንቺ በሩ ላይ ትተኛለሽ። ልጅቷስ? አሁን ማነው የሚይዘው፣ አንቺ ነሽ? እጅሽን እይው።»

እናቴ እጇን አየች። ክንዷ ላይ የቦና ጥርስ ነበር።

መድኃኒቱ መጥቷል፤ ቦና ቡሌ ከተወሰደ በኋላ። እናቴ የዚያኑ ቀን ይዛ ቡሌ ወጣች። ትንሽ ሠራ፣ ከዚያ አለቀ፣ ከዚያ ሌላ መጣ፣ ከዚያ መንገዱ በዝናብ ተቆረጠ። ቦና ዛሬም እዚያው አለ፤ ጸጥ ብሏል። ጸጥታውን ወልዱ መዳን ይለዋል፤ እናቴ ስም አላወጣችለትም። መድኃኒት ሲኖር ትሄዳለች፤ ሳይኖርም ትሄዳለች።

የተወሰደ ቀን፣ መኪና ውስጥ በሰላም የሚያስገባው ሰው እናቴ ብቻ ነበረች፤ ሌላ አያምንም። ጠዋት የአባቴን ኮት ተኩሳ አለበሰችው። አንገትጌውን እያስተካከለች «ቡሌ ስብሰባ አለ» አለችው። «ንግግር እንድታደርግ ጠርተውሃል።»

ዘፈኑን አቆመ። ከስንት ጊዜ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ።

«ስብሰባ?»

«ስብሰባ።»

ፊቷን አየው። እሷ አንገትጌውን ታያለች። «እውነት ስብሰባ ነው፣ ወርቂቱ?» አለ፤ ከዚያ በፊት በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ እህቴ ነው የሚላት።

«እውነት» አለች።

«እሺ» አለ።

እኔ አለቀስኩ፤ ባለፈው ወስደውኝ አሁን ለምን አልሄድም ብዬ። ማንም አልሰማኝም። ደጅ የኮንትራት ሚኒባስ ቆሟል፤ ወልዱ ፊት፣ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ። ተሳታፊዎች መሰሉኝ። ቦና ኮቱን ቆልፎ ወጣ። አልጮኸም፣ አልሮጠም። ሀምዲያን በመስኮቷ እጇን ጨበጣት፤ «ስብሰባ ሄጄ ነው፤ ለመስታወቱ ይቅርታ» አላት። ራሴን ዳሰሰኝ።

ሚኒባሱ በር ላይ ሲደርስ ተመለሰ። ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። አወለቀ። ካልሲውን ጠቅልሎ ውስጡ ከተተው። ጫማዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ፣ አፍንጫቸውን ወደ ቤቱ አዙሮ አስቀመጣቸው። ከዚያ በአባቴ ኮት፣ በባዶ እግሩ፣ ሄዶ ገባ። ወልዱ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«እማዬ፣ ጫማውን ረሳው!»

«አልረሳም» አለች።

ቡሌ ብርድ ነው። ቡሌ ጫማውን አውልቆ የሚወጣ ሰው፣ እዚያ እንደማይራመድ ያወቀ ሰው ነው። ይህ የገባኝ ዛሬ ነው። ያኔ ግን ነገሩን ወዲያው አገኘሁት፤ ባለፈው ቦርሳና ኮፍያ ሰጥተዋል፣ የአሁኑ ትልቅ ስብሰባ ስለሆነ ጫማ ይሰጣሉ። ለሀምዲያም ሮጬ ነገርኳት።

ሀምዲያ መስታወት በሌለው መስኮቷ ውስጥ ሆና አየችኝ። «አዎ፣ ይሰጣሉ» አለች።

ሚኒባሱ አስፋልቱን ይዞ ታጠፈ። እናቴ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ድምፁም ሲጠፋ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ካልሲዎቹን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ሁለት እጆቿን ጫማዎቹ ውስጥ አስገባች። ገና ሙቀት ነበራቸው። እስኪቀዘቅዙ ድረስ አላወጣቻቸውም።